ቢን ካርዱ ለምን አልሞተም? ከሞዴል 19 እስከ ዳጉ

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ ሄደ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ታቦታት የሚያድሩበት ሜዳ መለቀቅ ስለነበረበት ገበያው እንደገና ተነሥቶ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደተሠራለት ቦታ ተዛወረ። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የከተማዋ ትልቁ የአትክልት ጅምላ ገበያ ቦታ ቀየረ።

ሜዳው ተቀየረ፣ ጣሪያው ተቀየረ፣ የጭነት መኪናው መግቢያ ተቀየረ። የሒሳቡ ደብተር ግን አልተቀየረም። ከመቂና ከዝዋይ የመጣው ቲማቲም በሳጥን ይቆጠራል፣ ከአርባ ምንጭ የመጣው ሙዝ ይወርዳል፣ ማን ስንት ወሰደ፣ ማን ስንት ቀረበት የሚለው እስክሪብቶ ይዞ በቆመ ሰው እጅ ይጻፋል። ይህን ያየ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ለምን ሲስተም አይገባለትም?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «ኮምፒውተር ግዙ» ከሚለው ይረዝማል። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ግዙፍ የመንግሥት ዘርፍ ደብተርን በኮምፒውተር ለመተካት ከ15 ዓመት በላይ ሠርቷል። ዘርፉ የመድኃኒት አቅርቦት ነው። ምን እንደተሳካለት፣ ምን እንዳቃተው፣ ለምንስ ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከመደርደሪያው እንዳልወረደ ማወቅ ለሀይሌ ጋርመንት ገበያም፣ ለቀበሌ መዝገብ ቤትም፣ ለጉምሩክ መጋዘንም ትምህርት አለው።

◆ ከበጅሮንድ እስከ ሞዴል 22

በዚህ አገር ዕቃ መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። በጅሮንድ የሚለው ማዕረግ የመንግሥትን ግምጃ ቤት ከመጠበቅ የመጣ ነው። ነጋድራስ የሚለውም ከንግድና ከቀረጥ ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ገንዘቡን ለበጅሮንድ ሙሉጌታ፣ ንግዱንና የውጭ ጉዳዩን ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰጡ። አዲሱ ሹመት በአሮጌው የግምጃ ቤት ሙያ ላይ ነበር የተተከለው።

በዚያ ዘመን የንብረት መረጃ በሰው ላይ ነው። ጎተራው ውስጥ ያለውን የሚያውቀው አዛዡ ነው፤ አዛዡ ሲሻር ወይም ሲሞት ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ክብደቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መዝገብ ማለት መረጃውን ከሰውየው ለይቶ ለወንበሩ መስጠት ማለት ነው።

ዘመናዊው ቢሮክራሲ ይህን ሥራ ለቅጾች ሰጠ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ሞዴል 19ን እና ሞዴል 22ን ያውቃል። በ19 ንብረት ይገባል፤ በ22 ንብረት ይወጣል። አንዱ ቅጂ ከዕቃው ጋር፣ አንዱ ለሒሳብ ክፍል፣ አንዱ በጥራዙ ላይ ይቀራል። ሥርዓተ መንግሥት ሲቀያየር እነዚህ ቁጥሮች አልተቀየሩም። የግምጃ ቤት ሠራተኛ በቁጥጥር ፊት የሚቆመው በእነሱ ነው፤ የሚድነውም የሚታሰረውም በእነሱ ነው።

ነገር ግን ሞዴል 19 እና 22 የተሠሩት አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ «ማን ወሰደ?» ንብረት እንዳይጠፋ ይጠብቃሉ። «በሚቀጥለው ወር ስንት ያስፈልገናል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጡት መልስ የለም። ወንበርና ጠረጴዛ ለሚያስቀምጥ መጋዘን ይህ ችግር አልነበረም። የሰው ሕይወት በወር ፍጆታ ለሚቆጠርበት መጋዘን ግን ትልቅ ጉድለት ነበር።

◆ ጉድለቱ የታየበት ቀን

ጉድለቱ ፊት ለፊት የወጣው በኤችአይቪ ምክንያት ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ይህ መድኃኒት ከሌላው በአንድ ነገር ይለያል፤ ዕድሜ ልክ፣ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። የራስ ምታት መድኃኒት ከመጋዘን ቢጠፋ ታማሚው ከግል ፋርማሲ ይገዛል ወይም ይታገሳል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢመጣም ላይሠራ ይችላል። የመጋዘን ስህተት የሕክምና ስህተት ሆነ።

በተመሳሳይ ዓመታት የጤናው ሥርዓት በፍጥነት እየሰፋ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የጤና ጣቢያው ቁጥር ከ3,000 አለፈ፤ የጤና ኬላው ከ15,000 አለፈ። መድኃኒት መድረስ ያለበት ቦታ ብዙ እጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

መድኃኒቱ የሚሄድበት መንገድ ግን አንድ አልነበረም። ክትባቱ በራሱ መስመር ይሄዳል። የቤተሰብ ምጣኔው በራሱ፣ የቲቢው በራሱ፣ የኤችአይቪው በራሱ መስመር ይሄዳል። ለእያንዳንዱ የራሱ ለጋሽ፣ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ የሪፖርት ቀን ነበረው። ጤና ጣቢያው ላይ ያለችው አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ግን አንድ ሰው ናት። ለአምስት አለቃ አምስት ዓይነት ሪፖርት ትጽፋለች፤ መደበኛውን መድኃኒት ደግሞ በበጀት ስትገዛ ሌላ ደብተር ትከፍታለች።

እስከዚያ ድረስ የመንግሥትን የመድኃኒት ግዢና ጅምላ ሥራ የሚሠራው ፋርሚድ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቋመ። በኋላ የመድኃኒት አቅርቦት ኤጀንሲ፣ ዛሬ ደግሞ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው ይኸው ተቋም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የተበታተኑት መስመሮች በአንድ መጋዘን፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ቅጽ ይሂዱ።

◆ አራት ወረቀቶችና አንድ ስሌት

ብዙ ሰው የሚዘለው የታሪኩ ክፍል ይህ ነው። ኤጀንሲው በመጀመሪያ ያመጣው ኮምፒውተር አልነበረም። ያመጣው የተሻለ ወረቀት ነበር።

በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጅስቲክስ ሥርዓት፣ በሙያተኞቹ አጠራር አይፒኤልኤስ፣ ወደ ጤና ተቋማት መግባት ጀመረ። መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው። ቢን ካርድ መድኃኒቱ ካለበት መደርደሪያ ላይ ይሰቀላል፤ የገባው፣ የወጣው፣ ቀሪው፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ይጻፍበታል። ስቶክ ካርድ ያንኑ ከዋጋው ጋር ይይዛል። ከመጋዘን ወደ ዕደላ ክፍል የሚወጣው በውስጥ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ነው። በየሁለት ወሩ ደግሞ አርአርኤፍ የሚባለው የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ተሞልቶ ወደ ኤጀንሲው ቅርንጫፍ ይላካል።

ከወረቀቶቹ በስተጀርባ ደንብ አለ። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ከ4 ወር ፍጆታ በላይ አያከማቹም፤ ከ2 ወርም በታች መውረድ የለባቸውም። ክምችቱ የሁለት ሳምንት ብቻ ከቀረው የሁለት ወሩን ቀን ሳይጠብቁ በአስቸኳይ ይጠይቃሉ። ጤና ኬላ በየወሩ ከጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ ከፍተኛው መጠን 2 ወር፣ ዝቅተኛው 1 ወር ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ጤና ጣቢያ በሁለት ወሩ መጀመሪያ 1,200 ፓኬት ነበረው እንበል። 800 ተቀበለ። 50 ተበላሸ። በመጨረሻ ሲቆጠር 450 ቀረ። እንግዲህ የታደለው 1,500 ነው። ይህ የሁለት ወር ፍጆታ ነው፤ የአራት ወር ሲሆን 3,000 ይሆናል። በእጅ ያለው 450 ሲቀነስ ጥያቄው 2,550 ነው። መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ትልቁ ለውጥ ግን እዚህ ነበር። ሞዴል 22 «ማን ወሰደ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ አርአርኤፍ «ስንት ሰው ስንት ተጠቀመ?» ብሎ ጠየቀ። መጋዘኑ ከጠባቂነት ወደ ተንባይነት ተሻገረ።

◆ እጥረት እጥረትን ይወልዳል

ታዲያ ወረቀቱ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ኮምፒውተር ለምን አስፈለገ?

ምክንያቱ ከአርአርኤፍ ዓምዶች በአንዱ ውስጥ ተደብቋል፦ «መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት» በሚለው። አንድ መድኃኒት በ60 ቀን ውስጥ 1,000 ታደለ እንበል። ነገር ግን 20 ቀን ሙሉ መደርደሪያው ባዶ ነበር። 1,000ው የወጣው በ40 ቀን ነው፤ በቀን 25 ማለት ነው። እውነተኛው የ60 ቀን ፍላጎት 1,500 ነበር። ያንን ዓምድ የረሳ ወይም ለመሙላት ጊዜ ያጣ ሰው የአራት ወር ከፍተኛውን መጠን 3,000 በማለት ፈንታ 2,000 ይለዋል። ትንሽ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይላክለታል፣ ከበፊቱ ፈጥኖ ያልቅበታል፣ በሚቀጥለው ሪፖርት ፍጆታው ይበልጥ አንሶ ይታያል።

እጥረት እጥረትን ይወልዳል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። አንድ ሕዋስ ባዶ ቀረ፤ በዚያው ምክንያት ለወራት መድኃኒት ጠፋ።

ይህንኑ በመቶ ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያም በሺህ ተቋም አባዙት። ቅርንጫፉ ላይ የተቀመጠ ባለሙያ የወረቀት ቁልል ይመጣለታል፤ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ሳይነበብ፣ አንዱ ድምሩ ሳይገጥም ይመጣል። ሁሉንም ደምሮ ለማዕከል ሲልክ መረጃው አርጅቷል። የውጭ ግዢ ደግሞ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ ከተማ መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበት ሲቃጠል፣ ሌላው ከተማ ላይ ያው መድኃኒት «የለም» ይባላል። በአገር ደረጃ ሲደመር በቂ ነው፤ በየመደርደሪያው ሲታይ ግን አንዱ ጋ ተርፎ ሌላው ጋ ጠፍቷል።

ኮምፒውተሩ የተጠራው ለዚህ ነው። ሥራው ሰውን መተካት አልነበረም፤ የሚረሳውን ዓምድ እንዳይረሳ ማድረግ፣ ድምሩን መሥራት፣ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ ማስታወስ፣ ሪፖርቱንም ሳያረጅ ማድረስ ነበር።

◆ ዳጉ

በአሜሪካ መንግሥት የኤድስ ፕሮግራም ድጋፍ የተሠራው የጤና ግብዓቶች አስተዳደር መረጃ ሥርዓት፣ ኤችሲኤምአይኤስ፣ በሁለት መልክ መጣ፤ አንዱ ለኤጀንሲው ቅርንጫፎች፣ አንዱ ለጤና ተቋማት። የጤና ተቋማቱ መልክ በኋላ «ዳጉ» ተባለ።

ስሙ በደንብ የተመረጠ ነው። ዳጉ የአፋር ሕዝብ የዜና ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ግጦሹ የት ነው? ውኃው የት ነው? ማን ሞተ? ማን መጣ? ዜናውን የሰማ ሰው ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታው ነው፤ ከየት እንደሰማውም ይናገራል። ውሸት የጨመረ ያፍራል፣ ይቀጣልም። ዳጉ ፈጣን የሆነው ሰው ሁሉ ስለሚታመንበት ነው።

የክትባት ክምችትን በስልክ ለመከታተል የተሠራው ሌላው መተግበሪያ ደግሞ «ኤምብራና» ተባለ። የፍየልና የበግ ቆዳ ፍቀው ለዘመናት የጻፉበት ብራና ስሙን ለስልክ አወረሰ።

እነዚህ ስሞች ጌጥ ብቻ አይደሉም። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች መረጃ በዚህ አገር የራሱ ሥነ ምግባር እንዳለው ገብቷቸዋል። ጥያቄው ግን ሶፍትዌሩ የዳጉን ስም ብቻ ወሰደ ወይስ ግዴታውንም አብሮ ወሰደ የሚለው ነው።

ያመጣው ለውጥ እውነተኛ ነው። ዳጉ በሚሠራበት ተቋም ባለሙያዋ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረበውን ሁሉ ባንዴ ታያለች። አርአርኤፉ ከተመዘገበው መረጃ በራሱ ይወጣል። ሞዴል 19 እና 22 ከማሽኑ ይታተማሉ። ለቀናት የሚፈጀው ድምር በደቂቃዎች ያልቃል።

ያልቀየረውም አለ። ማሽኑ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ሌሊት ለድንገተኛ ታማሚ መድኃኒት ተወስዶ ጠዋት ካልተመዘገበ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ውሸት ነው። ወረቀት ላይ ያለ ስህተት በእጅ ጽሑፉ፣ በስርዝ ድልዙ ይታወቃል። ስክሪን ላይ ያለ ስህተት ግን ከእውነቱ ጋር አንድ ዓይነት ቁመናና ንጽሕና አለው። ስለዚህ በብዙ ተቋማት ቢን ካርዱ ከመደርደሪያው አልወረደም። ቆጠራ ሲደረግ ሦስት ነገር ይነጻጸራል፤ ዕቃው፣ ካርዱ፣ ማሽኑ። ሦስቱ ሲስማሙ ብቻ ነው ልብ የሚያርፈው።

◆ የደብረ ማርቆስ ትምህርት

ከኮምፒውተሩ ጋር በተመሳሳይ ዓመታት ሌላ ሙከራ በአማራ ክልል ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ገጠመው፦ የሆስፒታል ፋርማሲ በዓመት ምን ያህል መድኃኒት እንደገዛና ምን ያህል እንደሸጠ ኦዲተር በእርግጠኝነት ማወቅ ይችላል ወይ?

በአሮጌው አሠራር አይችልም ነበር። መድኃኒቱ ከመጋዘን ወደ ዕደላ ክፍል እስኪወጣ ድረስ ሞዴል 22 ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ በየታማሚው እጅ ሲገባ ግን ገንዘቡ በደረሰኝ ይቆጠራል፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ዋጋ እንደወጣ የሚያገናኝ ክር የለም። የፋርማሲ ባለሙያው ንጹሕ ቢሆን ንጽሕናውን ማስረዳት አይችልም፤ ሌባ ቢሆን ሌብነቱን የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም።

መፍትሔው ኤፒቲኤስ ተባለ፤ ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ መድኃኒት መለያ ኮድ ተሰጠው። አዳዲስ የሽያጭ ቲኬቶችና መዝገቦች ተዘጋጁ። የዕደላው ክፍል ተስተካከለ፤ ማን ማዘዣ ይመረምራል፣ ማን ገንዘብ ይቀበላል፣ ማን መድኃኒት ያስረክባል የሚለው ተለየ። በየወሩ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው በብርም በመጠንም የሚነበብ ሪፖርት ወጣ። ሥርዓቱ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በሕግ ተደግፎ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችና ክልሎች ተዛመተ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲጀመር በወረቀት ነበር። የኮምፒውተር መልኩ የመጣው በኋላ ነው። ኮዱ፣ የሥራ ክፍፍሉ፣ የወሩ ሪፖርት ቀድመው ስለነበሩ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ቅርጽ አገኘ።

ሌላም ምስክር አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ሻጭና ገዢ በመድረክ ላይ እየጮሁ ነበር የሚገበያዩት። የኤሌክትሮኒክስ ግብይቱ የመጣው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተሠራው ነገር መጋዘን፣ ሚዛን፣ የጥራት ደረጃና የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ቡናው በደረጃ ስለተመደበ ነው ሳያዩት በስክሪን መግዛት የተቻለው።

የእነዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ይናገራል፦ ሥርዓት የሌለውን ደብተር ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገቡት ሥርዓት የሌለው ኮምፒውተር ይሆናል።

◆ ማኅተሙና መብራቱ

ወረቀቱ ያልሞተበት ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው፤ ይልቁንም የሕግ ልማድ ነው። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ፊርማና ማኅተም ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ ማሽኑ ላይ መዝግባ፣ አትማ፣ አስፈርማ፣ አሳትማ በፋይል ታስቀምጣለች። ሥራው ተቀነሰላት ሲባል ሁለት ሆነባት።

በወረቀቱ ላይ ያለው ሕግ ግን ተቀይሯል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከትሎ ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ለገቢና ወጪ ንግድ የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት ሲመረቅ 44 ቀን ይፈጅ የነበረው ሒደት በመጀመሪያ ወደ 13፣ ከዚያም ወደ 3 ቀን እንዲወርድ ነበር የታቀደው። ሕጉም ስትራቴጂውም አለ። በየመጋዘኑ ያለው ሰው ግን «ነገ የሚጠይቀኝ ማነው? በምን?» ብሎ ነው የሚያስበው። ስህተት ቢገኝ ከደመወዙ የሚከፍለው እሱ ነውና ጥርጣሬው ስንፍና አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት መብራትና ኔትወርክ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሰም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ሪፖርቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ግንኙነት የተቋረጠበት ጤና ጣቢያ ለማዕከሉ «ምንም የማይጠይቅ» ሆኖ ይታይ ነበር። እጥረት እጥረትን የሚወልድበት ስሌት በክልል ደረጃ ይደገም ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ቢን ካርዱ ያለፈ ዘመን ቅርስ መሆኑ ቀርቶ ብቸኛው ምስክር ይሆናል።

አራተኛው ምክንያት በ2017 ዓ.ም. ግልጽ ሆነ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። ሰኔ 24 ቀን ዩኤስኤድ እንደ ተቋም ተዘጋ። በእርዳታ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ዳጉንም ኤምብራናንም ጨምሮ ከላይ የተነገሩት አብዛኞቹ ሥርዓቶች ከዚህ የእርዳታ ምንጭ ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው።

ወረቀት ሲያልቅ ማተሚያ ቤት ያትማል። ሶፍትዌር ግን በየዓመቱ የሚያድሰው፣ ሲታመም የሚያክመው፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የሚያሠለጥንለት ሰው ይፈልጋል። ለዚያ ሰው ደመወዝ የሚከፍለው በጀት የማን ነው? ይህ ጥያቄ ዲጂታል ሥርዓት በተመረቀ ቁጥር፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት መጠየቅ ነበረበት።

◆ «ታዲያ ደብተሩ ይሻላል?»

አይሻልም። ይህን ታሪክ ለደብተር ጥብቅና አድርጎ የሚያነብ ሰው ተሳስቷል። በደብተር ዘመን እጥረቱም፣ የሚቃጠለው መድኃኒትም፣ የማይታወቀው ሌብነትም ነበሩ፤ ልዩነቱ የማይቆጠሩ መሆናቸው ነው። ዛሬ «እጥረት አለ» ብሎ በቁጥር መከራከር የተቻለው መረጃው በመኖሩ ነው። የማይታይ ችግር በጀት አያገኝም።

ነገር ግን የ15 ዓመቱ ታሪክ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጥያቄው ተቀየረ፤ «ማን ወሰደ?» ከሚለው «ስንት ያስፈልጋል?» ወደሚለው። ቀጥሎ ወረቀቱ ያንን ጥያቄ እንዲመልስ ተስተካከለ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ገባ። የተሳካው ሁሉ የተሳካው ይህን ቅደም ተከተል በያዘበት ቦታ ነው። ያልተሳካው ደግሞ ከኮምፒውተሩ በኋላ መምጣት የነበረባቸው ሦስት ነገሮች ስላልተሟሉ ነው፤ ኦዲተሩ በተግባር የሚቀበለው የኤሌክትሮኒክ ሰነድ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ ስልት፣ የራስ በጀት።

አሁን ወደ ሀይሌ ጋርመንት እንመለስ። ሰፈሩ የልብስ ፋብሪካን የሚያስታውስ ስም ይዞ የአትክልት ገበያ ሆኗል። ነገ አንድ ባለሥልጣን ታብሌት ይዞ ቢመጣና «ከዛሬ ጀምሮ ግብይቱ በሲስተም ነው» ቢል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ታብሌቱ መሆን የለበትም። ሳጥኑ ስንት ኪሎ ነው? ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እኩል ነው ወይ? የበሰበሰው የሚመዘገበው በማን ሒሳብ ነው? ደላላው የጻፈው ቁጥር ከገበሬው ቁጥር ጋር የሚገናኘው የት ነው? ከሲስተሙ ጥቅም የሚያገኘው ጻፊው ነው ወይስ ተቆጣጣሪው ብቻ?

እነዚህ ሲመለሱ ታብሌቱ ሥራ ያገኛል። ካልተመለሱ ግን የሚሆነው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ታብሌቱ ቢሮ ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ገበያው በደብተሩ ይቀጥላል፣ በዓመቱ መጨረሻም «ሕዝቡ ለቴክኖሎጂ ዝግጁ አይደለም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። የአፋር እረኛ ሳይማር ዳጉን ለዘመናት አሠርቷል። ዝግጁነት የጎደለው ከሕዝቡ ዘንድ አልነበረም። ዳጉ የሠራው ተናጋሪውም ሰሚውም በመረጃው ስለሚኖሩ ነው። መረጃውን የሚጽፈው አንዱ፣ የሚኖርበት ሌላው ሲሆን ግን ብራናም ሆነ ስክሪን ዕጣው አንድ ነው፤ ለቁጥጥር ቀን ብቻ የሚሞላ ቅጽ ይሆናል።